ሳንቲሙን የሸጠ ከወገን ይወጣል

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2013 የቢትኮይን ዋጋ እያሽቆለቆለ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከ1,000 ዶላር ያለፈው ሳንቲም፣ የቻይና ማዕከላዊ ባንክ የአገሪቱ ባንኮች እንዳይነኩት ካዘዘ ወዲህ ቁልቁለት ይዞ ነበር። በዚያ ቀን አንድ ውስኪ የቀማመሰ ሰው ቢትኮይንቶክ በተባለው መድረክ ላይ አልሸጥም ብሎ ሊጽፍ ተነሣና ፊደል አሳሳተ፤ “ሆልዲንግ” (ይዣለሁ) ሊል ያሰበው “ሆድሊንግ” ሆኖ ወጣ። ስህተቱን አይቶታል፣ ግን አላረመውም። ምክንያቱንም ሳያፍር ዘረዘረ፦ መቼ እንደሚገዛና መቼ እንደሚሸጥ የማያውቅ ደካማ ነጋዴ ስለሆነ፣ ይዞ መቀመጡ ይሻለዋል።

ብዙም ሳይቆይ “ሆድል” መፈክር ሆነ። ሰውየው ያወራው ስለ አቅሙ ማነስ ነበር፤ ሌሎቹ የሰሙት ግን ስለ ጽናት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተከታተሉት ቃላት ከዕቃው ይልቅ ሰውን የሚሰይሙ ናቸው። ዋጋ ሲወርድ ደንግጦ የሸጠ “የወረቀት እጅ” ይባላል፤ የጸና ደግሞ “የአልማዝ እጅ”። ጠዋት “ጂኤም” ተባብለው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ሁላችንም ይሳካልናል ለማለት “ዋግሚ” ይላሉ፤ አይሳካለትም የሚሉትን ሰው “ንግሚ” ብለው ያሰናብቱታል። ጥያቄ የሚያበዛ ሰው “ፋድ” ይነዛል ተብሎ ይከሰሳል፤ ፍርሃትና ጥርጣሬ ይዘራል ማለታቸው ነው።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ብቻ አይደለም። አክሲዮን የገዛ ሰው የኩባንያውን የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ይችላል፤ ከብዙዎቹ ሳንቲሞች ጀርባ ግን ሽያጭም ትርፍም የሚያሳይ መዝገብ የለም። ዋጋው የሚቆመው ያዡ ባለመሸጡ ነው። አለመሸጥን ጀግንነት፣ መሸጥን ክህደት የሚያደርግ ቋንቋ እንግዲህ ለዋጋው ያለ ደመወዝ ይሠራል።

ወገንተኝነቱ በጎ ጎንም አለው። ራሳቸውን “ሺቤ” ብለው የሚጠሩት ዶጅኮይን የተባለው ሳንቲም ወዳጆች በ2014 የጃማይካ የቦብስሌድ ቡድን ወደ ሶቺ ኦሎምፒክ እንዲሄድ ከ25,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ሳንቲም አዋጥተዋል።

ሉና የተባለው ሌላ ሳንቲም ደጋፊዎች መጨረሻ ግን እንዲህ አላማረም። “ሉናቲክ” የሚለውን፣ ዕብድ ማለት የሆነውን ስድብ፣ እንደ ማዕረግ ለበሱት። ባለሀብቱ ማይክ ኖቮግራትዝ በጃንዋሪ 2022 የሉናን ስም ክንዱ ላይ ተነቀሰ። የፕሮጀክቱ መሥራች ዶ ክዎን ደግሞ አሠራሩን የተቸች ባለሙያን ከድሃ ጋር አልከራከርም ብሎ መልሶላት ነበር። የክርክሩ ርዕስ የሳንቲሙ አሠራር መሆኑ ቀርቶ የተከራካሪዋ ማንነት ሆነ።

በሜይ 2022 አንድ ዶላር ሆኖ ሊቆይ የታሰበው የክዎን ሳንቲም ዩኤስቲ መንሸራተት ሲጀምር፣ እሱ ተጨማሪ ገንዘብ እያስገባሁ ነውና ጎበዝ፣ ጽኑ የሚል መልእክት ለቀቀ። በቀናት ውስጥ 40 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነነ። ከዩኤስቲ ጋር የተሳሰረውና በኤፕሪል ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ሉና ከአንድ ሴንት በታች ወረደ። ክዎን በኦገስት 2025 ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ቀርቦ የማጭበርበር ጥፋቱን አምኗል።

ስለዚህ አንድ የቴሌግራም ቡድን ቃል የገባው ትርፍ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ መልሱ “ፋድ አትንዛ” ከሆነ፣ ብር ከማስገባት በፊት ከቡድኑ መውጣት ይሻላል።