የደብረ ዳሞ ጠፍር

ደብረ ዳሞ በአድዋና በአዲግራት መካከል፣ ከዋናው መንገድ በስተ ሰሜን የሚገኝ አምባ ነው። ገዳሙን በ6ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተይዘው ወደ አምባው እንደ ወጡ ይነገራል። ወንድ ተሳላሚ የሚወጣው ግን 15 ሜትር ያህል በሚሆነው ገደል ላይ በተንጠለጠለው ጠፍር ነው፤ ሴቶች ከሥር ሆነው ይሳለማሉ።

ውድ አንባቢ ሆይ! ጠፍሩ ባለጸጋውን ከድኻው አይለይም፤ ማዕረግና የሰው ምስጋናም በገደሉ ላይ እጅን አያጸኑም። ጸሎትም እንደዚሁ ነው። ሰው በእግዚአብሔር ፊት ሲቆም ለጎረቤቱ የሚያሳየው መልክ ይወድቅና የሚፈራው፣ የሚመኘውና የሚያፍርበት ማንነቱ ብቻ ይቀራል። እግዚኦታ 41 ጊዜ ይደጋገማል፤ በመጀመሪያ አፍ ብቻ ይናገራል፤ ቈይቶ ልብ ይከተላል። ምሕረት የሚለምነው ለየትኛው ሰው እንደ ሆነ ጸሎተኛው ያን ጊዜ ያውቃል።