የስም መጋጠሚያ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ከሜዳው ይልቅ ስም ከተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ላይ ያርፋል። ሁለት ቃል ተጋጥሞ አንድ ስም ሲሆን መጋጠሚያው የት ላይ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም።

ዐፄ ምኒልክ መናገሻ ሊያደርጉት አስበው የነበረውን አዲስ ዓለምን እንውሰድ። ብዕር ሁለት ቃል አድርጎ ይጽፈዋል። ምላስ ግን «ስ»ን ከመጀመሪያው ቃል ነጥቆ ለሁለተኛው ይሰጥና «አዲ-ሳ-ለም» ይላል። አዲስ አበባንም «አዲሳባ» ያደረጋት ይኸው ጠባይ ነው። ክፍተቱ ያለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

አምቦ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። በንጉሡ ዘመን የከተማይቱ ስም «ሀገረ ሕይወት» ነበር። «ሀገር» ለብቻው ሲቆም «ሀ-ገር» ነው፤ «ሕይወት» ሲከተለው «ር» ወደ «ረ» ተለውጦ «ሀ-ገ-ረ» ይሆናል። የግዕዝ መምህራን ይህን ማናበብ ይሉታል። እዚህ ላይ መጋጠሚያውን ፊደሉ ራሱ ያሳያል።

ከአምቦ አለፍ ሲሉ ግን ፊደላችን ዝም ይላል። ጉደር የምትገኝበትን ወረዳ «ቶኬ ኩታዬ» ብለን እንጽፋለን። በነቀምቴ መንገድ ገፋ ሲሉ «ባኮ ቲቤ» አለ። አካባቢውን የማያውቅ ሰው ሁሉንም አላልቶ ያነባቸዋል። አገሬው ግን «ኬ»ንና «ታ»ን፣ «ኮ»ንና «ቤ»ን አጥብቆ ነው የሚጠራቸው። በዓሉን «ገና» እና ጊዜውን «ገና» በአንድ መልክ የምንጽፍ ሰዎች የምንለያቸው ቋንቋውን ስለምናውቅ ነው። ለማያውቁት አገር ስም ይህ ዕውቀት ከየት ይመጣል?

መልሱ እዚያው ሰሌዳ ላይ አለ። በ1984 ዓ.ም. ለኦሮምኛ መጻፊያ እንዲሆን የተወሰነው ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል፤ የሚረዝመውንም አናባቢ እንዲሁ። ስለዚህ ያ የላቲን መስመር ኦሮምኛ ለሚያነብ ብቻ የተጻፈ አይመስለኝም። የአማርኛው መስመር የዋጠውን ድምፅ የሚመልስልን እሱ ነው።

ነገሩ የፊደል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዜና አንባቢው የቀዬውን ስም አላልቶ ሲጠራው፣ ተወላጁ ወሬው ስለ ሌላ አገር የሚወራ ይመስለዋል። በካርታና በዜና ጽሑፍ ላይ በሚጠብቀው ፊደል አናት ነጥብ ቢደረግ ብዙ ድካም የለውም። እስከዚያው ግን ሰሌዳው አጠገብ ስንደርስ ሁለቱንም መስመር እናንብብ፤ ከተጠራጠርንም አገሬውን እንጠይቅ።