ደብተራችሁን አርሙልኝ

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺን የምጽፋት በተለይ ለእናንተ ነው። አንድ ትምህርት ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርኳችሁ።

ድራግን፣ ማለትም አየር ወደ ኋላ የሚጎትትበትን ኃይል፣ ሳስተምር ምሳሌዬን ታስታውሳላችሁ፦ ዓድዋ ላይ የተተኮሰበት የውጅግራ አረር ዱልዱም ነው፤ የአሁኑ ሹል ነው፤ ሹል አየሩን ይሰነጥቃል፣ አለቀ። ዘንድሮ አንድ ልጅ ከኋላ ተነሳና «ቲቸር፣ ከኋላውስ ለምንድነው የሚጠበው?» አለኝ። የት አይቶት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ከጦርነቱ በኋላ አምደወርቅ ላይ አረር ያላነሳ ልጅ የት አለ? (ወላጆች፣ ያልፈነዳ ነገር እንዳይነኩ አደራ።) መልስ አልነበረኝም። «ነገ» አልኩት፤ ማታ ኔትወርክ ሲመጣ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ውጅግራ (የፈረንሳይ የ1874 ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ 25 ግራም እርሳስ) 450 ገደማ ይወጣል። ከድምፅ ለሚፈጥን ነገር ከፊት ያለው አየር ቀድሞ መንገድ አይለቅለትም፤ ተጨናንቆ ማዕበል ይሆናል። ማኽና ዛልኸር የሚባሉ ሰዎች ይህንን ማዕበል በፎቶ አንስተው በ1887 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። እኛ ግን በጆሯችን እናውቀዋለን፤ የጠመንጃው «ድው» ሳይደርስ በላያችን «ጧ!» የሚለው እሱ ነው። ያ ጩኸት ከአረሩ ጉልበት ላይ የተቀነሰ ነው። ጫፉ ሲሾል ማዕበሉ ይጋደምና ይደክማል። እስከዚህ አስተምሬያችኋለሁ።

የቀረው ጭራው ነው። ጭራው እንደ ጉንድሽ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ አየሩ ቶሎ ተመልሶ አይገጥምም፤ ከኋላው ግፊቱ ያነሰ ክፍተት ይቀራል፤ ያ ክፍተት አረሩን ወደ ኋላ ይስበዋል። ጭራውን በጥቂት ዲግሪ ማጥበብ ክፍተቱን ያሳንሰዋል። በጣም ከጠበበ ግን አየሩ ከጎኑ ይላቀቅና ጥቅሙ ይጠፋል። ፈረንሳዮች በ1898 እ.ኤ.አ. ለለበል ጠመንጃቸው ሁለቱንም አንድ ላይ ሠሩት። የጀርመኖቹ ቀጥሎ የመጣው ሹል አረር እንኳ ጭራው ቀጥ ያለ ነበር። አንዳንድ የመድፍ ጥይት ደግሞ ክፍተቱን በጋዝ ለመሙላት ከጭራው ትንሽ ባሩድ መሰል ነገር እያቃጠለ ይበርራል። ይሄኛው በጣም ነው የገረመኝ።

በማግስቱ ይህን ሥዬ ሳስረዳ ያው ልጅ እንደገና እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ስለዚህ በቤታችን ላይ ‹ጧ› ያለው፣ እኛ ስንሰማው አልፎ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ አልፎ ነበር» አልኩት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጠመኔውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።

በሉ፣ ደብተሩን ያላቃጠለ ካለ ጭራውን ይጨምርበት።