ስሙ ወይስ ይዘቱ? ሜዲካል ኮሌጅ ለሚያመለክቱ ወጣቶቻችን



ሰሞኑን ከጉርድ ሾላ ጀማዓችን ወጥቶ አሜሪካ የሚማር አንድ ወንድም ጥያቄ ልኮልን ነበር። እዚሁ እኛ ዘንድ ቁርኣን ቀርቶ ያደገ ልጅ ነው። ሐኪም ለመሆን ሜዲካል ኮሌጅ ሊያመለክት ፎርም እየሞላ ነው። የጠየቀን ግን ስለ ሐላልና ሐራም ነው፦ «አንድን ኮርስ ውጤቴን ከፍ በሚያደርግልኝ ምድብ ባስገባው ያስጠይቀኛል ወይ?» ብዙ ወጣቶቻችን በዚሁ መንገድ ላይ ስላሉ የመለስንለትን ለሁላችሁም ማካፈል ወደድን።

መጀመሪያ ጉዳዩን እንረዳው። አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች አምካስ በሚባል አንድ የጋራ ማመልከቻ ይጠቀማሉ። አመልካቹ ኮሌጅ የወሰደውን እያንዳንዱን ኮርስ ራሱ ይመድባል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ አንድ ላይ ተሰልተው የሳይንስ ጂፒኤ ይሆናሉ። የቀረው ሁሉ ለብቻው ይሰላል። ስለዚህ አንድ ኤ የት እንደተመደበ ኮሌጆቹ የሚያዩትን ቁጥር ይቀይረዋል።

ወንድማችን ኤ ያመጣባቸው 2 ኮርሶች አሉት። አንዱ በሳይኮሎጂ ዲፓርትመንት የተሰጠ ስታቲስቲክስ ነው፤ ሌላው የኅብረተሰብ ጤና መግቢያ። የመጀመሪያውን ሒሳብ ብሎ መመደብ ማጭበርበር መስሎት ፈራ። ሁለተኛውን ግን «ስለ በሽታ አይደል የሚያወራው?» ብሎ ባዮሎጂ ሊያደርገው ፈለገ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

የአምካስ መመሪያ የሚያየው የኮርሱን ዋና ይዘት እንጂ ያስተማረውን ዲፓርትመንት አይደለም። ስታቲስቲክስ የትም ዲፓርትመንት ይሰጥ ሒሳብ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ግን የጤና ሳይንስ በሚል ሌላ ምድብ ይገባል፤ ያ ምድብ ከሳይንስ ጂፒኤው ውጭ ነው። ጂኦሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስም ውጭ ናቸው። ሳይንስ አይደሉም ማለት አይደለም፤ በዚህ ስሌት አይቆጠሩም ማለት ነው።

ይህ አሠራር መድረሳ ለተቀመጠ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ፉቀሃዎች ሑክም የሚሰጠው ነገሩ በያዘው ትርጉምና ዓላማ እንጂ በተጠራበት ስም እንዳልሆነ ቃዒዳ አድርገው አስቀምጠዋል። ወለድን «ስጦታ» ብለው ቢጠሩት ሐላል አይሆንም። በሌላ በኩል ፈራኢድን ተመልከቱ። የፊቅህ ክፍል ነው፤ ተማሪው ግን ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ ሲሶና ስድስተኛ ሲያሰላ ይውላል። ሒሳብ የማይችል ሰው ውርስ ማከፋፈል አይችልም።

አሁን በቁጥር እንየው። አንድ ተማሪ በ40 ክሬዲት የሳይንስ ጂፒኤው 3.20 ነው እንበል። ባለ 3 ክሬዲቱን ስታቲስቲክስ በኤ ሲጨምር 3.26 ይሆናል። ይህ ሐቁ ነው፤ ፈርቶ ቢተወው የራሱን ይጥላል። የኅብረተሰብ ጤናውንም በባዮሎጂ ስም ቢጨምር 3.30 ይደርሳል። ያ 0.04 ግን ሐቁ አይደለም። ፎርሙ ሲያልቅ የሰጠው መረጃ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል፤ ያ ማረጋገጫ አማና ነው። የአምካስ ሠራተኞችም ምድቡን ከትራንስክሪፕቱ ጋር አመሳክረው ይቀይሩበታል። ባይደርሱበትስ? አላህ ያያል። ነገ የሰው ነፍስ በእጁ የሚገባ ሰው ጉዞውን በውሸት አይጀምር።

መሐል ላይ የሚዋልሉ ኮርሶችም አሉ።  እንዲህ ባለው ላይ ምርጫው የአመልካቹ ነው። የኮርሱን ዝርዝር ያንብብ፣ ያስቀምጠው፣ የኮሌጁን አማካሪ ይጠይቅ። ደግሞም ሚዛኑ እንደየማመልከቻው ይለያያል። ለኦስቲዮፓቲ ኮሌጆች በሚቀርበው ማመልከቻ ሒሳብ ከሳይንስ ጂፒኤው ውስጥ አይቆጠርም፤ እዚያ ስታቲስቲክሱ የዚያን ተማሪ የሳይንስ ጂፒኤ ከፍ አያደርግለትም። እንግዲህ እንዲህ የሚለዋወጥ ቁጥር የሰው ሙሉ ዋጋ ሊሆን አይችልም።

እዚህ አገር ያላችሁ ደግሞ ጉዳዩ አይመለከተንም አትበሉ። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በፍሬሽማን ዓመቱ ከፊዚክስና ከሒሳብ ጎን ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ ይወስዳል። «ይሄ ለዶክተር ምን ይሠራል?» እያለ የሚዘናጋ ወንድም አለ። ኮርሱ ግን ጂፒኤው ውስጥ ይገባል፤ ሕክምና ለመግባት በሚደረገው ውድድርም የፍሬሽማን ውጤት ይታያል። ከዚያ በላይ ደግሞ የታካሚውን አገርና ባህል የማያውቅ ሐኪም መድኃኒት ያዛል እንጂ ሰው አይረዳም።

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ«ኢሕያእ» መጽሐፋቸው ዕውቀትን ሲመድቡ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፦ ሕክምናን ለአካል ጤንነት፣ ሒሳብን ለንግድና ለውርስ ክፍፍል። በዘመናቸው ሰዎች ሕክምናን ትተው በፊቅህ ክርክር ላይ መረባረባቸውንም ነቅፈዋል። የእሳቸው ምድብ መለኪያው ሕዝቡ ምን ያስፈልገዋል የሚለው ነው። በዚያ መለኪያ፣ ኒያው የተስተካከለ ተማሪ ለኬሚስትሪ ፈተና ሲያጠና ያደረበት ሌሊትም ባዶ አይቀርም፣ ኢንሻአላህ።

ስለዚህ የሚያመለክት ልጅ ያላችሁ ወላጆች «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ ጎን «እንዴት ሞላኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወጣቶች ሆይ፣ የራሳችሁን ሐቅ በፍርሃት አትተዉ፤ የራሳችሁ ያልሆነውንም በስም ለውጥ አትውሰዱ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትና ንጹሕ ኒያ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።