ከፈረስ መጋላ እስከ ቁንዱዶ

ስለ ሐረር ያልሰማ የለም፤ ልጆቹን ይዞ በእግሩ ዞሮ ያያት ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምንጋብዛችሁ ጉዞ የሁለት ቀን ነው። አንዱ ቀን ለከተማይቱ፣ ሌላው ለአንድ ተራራ። ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኛቸው ደግሞ ፈረስ ነው።

ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ሰው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በአውሮፕላን የሚመጣ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ የአንድ ሰዓት ያህል ዳገት ይወጣል። ወደ ጥንታዊቷ ከተማ ወደ ጁገል መኪና በሚያስገባው ሐረር በር ዘልቆ ቀጥ ያለውን መንገድ የተከተለ ሰው የሚደርሰው ፈረስ መጋላ ነው። መጋላ በሐረሪዎች ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ የፈረስ ገበያ መሆኑ ነው። ዛሬ እዚያ ፈረስ የሚሸጥ የለም። ፈረሱ ቦታውን ለመኪና ለቀቀ፤ ለብዙ ዘመን የሐረር ምልክት የነበረችው ፔጆ 404 ታክሲ ደግሞ ለባጃጅ ለቀቀች። ስሙ ብቻ እንደነበረ ቀርቷል። በአደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የወደቁት የሐረር ሰዎች መታሰቢያ ነው። ልጆቻችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሳትቸኩሉ ንገሯቸው፤ ታሪክ ከመጽሐፍ ይልቅ በቦታው ሲነገር ልብ ውስጥ ይገባል።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩም ድምፁ። ጨርቅ ሻጩና ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ተቀምጠው ገዢው የመረጠውን ጨርቅ እዚያው ያሰፋል። መንገዱ የሚያወጣው ጊዲር መጋላ ከሚባለው ትልቁ ገበያ ነው።

ጁገልን የከበበውን ግንብ ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ መሆናቸው ይታወቃል። ግንቡ ጥንት አምስት በሮች ነበሩት። በውስጡ ያለው መሬት 48 ሄክታር ያህል ብቻ ቢሆንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጂዶችንና 102 የዚያራ ቦታዎችን ቆጥሯል፤ ከመስጂዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የአንድ ሰፈር ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሾች ናቸው። ይህም ነገሩን ያስረዳል፤ ሐረር ውስጥ መስጂድ የሰፈሩ ጎረቤት ነው፤ ሰላት ሲደርስ ሰው ሩቅ አይሄድም።

የሐረሪን ቤት ውስጡን ሳያዩ መመለስ ጉዞውን ጎዶሎ ያደርገዋል። ወለሉ ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፈለ ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ከዚያ ላይ የተቀመጠ የሚገባውንና የሚወጣውን ያያል። ጊዲር ነደባ ሰፊው ሲሆን፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ደግሞ እንደ ስሙ ከዓይን የተሰወረ ነው። ግድግዳውን የሚሸፍኑት በሴቶች እጅ የተሠሩ የስፌት ሥራዎች ናቸው። ቤቱ ራሱ ለታላቅ መነሣትን፣ እንግዳን ማክበርን፣ ዓይንን መጠበቅን ያስተምራል። ስለዚህ ስትገቡ አሰላሙ ዐለይኩም በሉ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ባለቤቶቹን አስፈቅዱ። ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ጎብኙ። አንድ ሰው ለዓመታት በግሉ የሰበሰባቸውን የብራና መጻሕፍት፣ ሳንቲሞችና አልባሳት ማየት ለወጣቱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቅርስ የሚድነው በመጀመሪያ በአንድ ሰው ቁጭት መሆኑን ይማርበታል።

ሐረር ባሕር የላትም፤ ታሪኳ ግን ከደሴት ጋር የተሳሰረ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕደዲን የወደቁት በዘይላ ፊት ለፊት ባለች ደሴት ላይ ነበር፤ ደሴቲቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። ወደ የመን የተሰደዱት ልጆቻቸው ተመልሰው መንግሥታቸውን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ደግሞ ሱልጣን አቡበክር መዲናውን ወደ ሐረር አዛወሩት። ያ ደሴት ለሁለት ቀን ጉዞ ሩቅ ነው። ለእኛ ግን በየብስ ላይ የቆመ ሌላ ደሴት አለን።

እርሱም በምሥራቅ ሐረርጌ በጉርሱም ወረዳ፣ በፉኛን ቢራ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ቁንዱዶ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይህ ተራራ አናቱ እንደ ገበታ የተዘረጋ፣ ጎኑ እንደ ግንብ የቆመ አምባ ነው። ግርጌው የኖራ ድንጋይ፣ አናቱ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ድንጋይ ነው። በዙሪያው ያለው ቆላ በፀሐይ ሲጠወልግ ከላይ ያለው ሣር በጉም ይረጥባል። ደሴት ያልነውም ለዚህ ነው፤ ከታች ካለው ምድር በገደል ተቆርጦ የራሱን አየር ይዞ ይኖራል።

በዚህ ደሴት ላይ ጌታ የሌላቸው ፈረሶች ይኖሩ እንደነበር የአካባቢው ሰው ሁልጊዜ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ተራራው የወጡ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ፈረሶች ማየታቸውን ለዓለም አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጥናትም በሀገራችን ካሉት ስምንት የፈረስ ዓይነቶች አንዱ አድርጎ የቁንዱዶን የዱር ፈረስ ቆጠረው። የዱር ይባሉ እንጂ ዘራቸው የሰው ከብት ነበር፤ ከእጅ ወጥቶ፣ በገደል ታጥሮ፣ ከትውልድ ትውልድ ያለ ልጓም የኖረ ነው።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት። ፈረስ መጋላ ፈረሱ ሄዶ ስሙ የቀረበት ቦታ ነው። ቁንዱዶ ላይ ፈረሱ ራሱ ቀርቷል፤ ነገር ግን ቁጥሩ እጅግ ያነሰ መንጋ አንድ ክፉ የድርቅ ዓመት ይበቃዋል። ግጦሹን የሰው ከብት ሲሻማው፣ ከመካከሉ ሁለት ሦስቱ ተይዘው ወደ ጋሪና ጭነት ሲወሰዱ፣ የተረፉት እርስ በርሳቸው ብቻ ሲራቡ ዘሩ ይደክማል። የተራራው ገበሬ ከብቱን የት ያሰማራ? ይህም ጥያቄ እውነተኛ ነው። ፈረሱን እንጠብቅ የሚል ሁሉ ለገበሬው ምን እንደሚተርፈው መናገር አለበት። መንገድ መሪ የሚቀጥር፣ በቅሎ የሚከራይ፣ ቡና የሚጠጣ እንግዳ ሲበዛ ያ ፈረስ ለመንደሩም ሀብት ይሆናል። ቤተሰባችሁ የሚያወጣት ጥቂት ብር ዋጋዋ እዚያ ላይ ነው።

ለመውጣት ያሰባችሁ ሱብሒን ሰግዳችሁ ተነሡ። የመንገዱን ደኅንነት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ፉኛን ቢራ ላይ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሰላም ብላችሁ መንገድ የሚያውቅ ሰው ያዙ። ውኃና ስንቅ፣ ለብርዱ ጋቢ ወይም ሹራብ፣ ለገደሉ ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ትንንሽ ልጆችና አረጋውያን ከግርጌው ቢቆዩ ይሻላል። ፈረሶቹ ከታዩ ከሩቅ ተመልከቱ፤ አታሳድዱ፣ አትጩኹባቸው። ካልታዩም ጉዞው ባዶ አይሆንም፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ የሐረርጌን ምድር ማየት ራሱ አላህን ያስመሰግናል።

ቁርኣን ውስጥ በሚሮጡ ፈረሶች የሚምለው ሱረቱል ዓዲያት ከመቶ አሥራ አራቱ ሱራዎች መቶኛው ነው፤ ልጆቻችን በቃላቸው ከሚያጠኗቸው አጫጭር ሱራዎችም አንዱ ነው። ማታ ማረፊያችሁ ስትመለሱ አብራችሁ ቅሩት፣ ትርጉሙንም አንብቡላቸው። ከዚያም ጠይቋቸው፤ እነርሱ ለልጆቻቸው በሚያሳዩበት ቀን ቁንዱዶ ላይ ፈረሱ ይኖር ይሆን ወይስ እንደ መጋላው ስሙ ብቻ? መልሱ ከእኛ ትውልድ ሥራ የሚገኝ ነው። ወቢላሂ ተውፊቅ።