ጠባቂ የሌለው ኬላ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አባት ፔታሕ ቲክቫ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጡ። እጃቸው ላይ የገበያ ፌስታል አንጠልጥለዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ከተቀመጡ በኋላ ፌስታሉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲገለብጡት ያልተከፈቱ ፖስታዎች ፈሰሱ። የመብራት አለ፣ የውኃ አለ፣ የኩፓት ሖሊም አለ፣ የአርኖና አለ። ሦስቱ ደግሞ የክፍያ መንገድ ሒሳብ ነበሩ። እነዚያን ሦስቱን ከፍቼ ሳነብላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ልጄ መኪናውን ሲነዳ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ማንም አላስቆመን። ገመድ አልተዘረጋ፣ ዘበኛ አልወጣ። ኬላ በሌለበት ማን አይቶን ነው የሚጽፍብን?» አሉኝ።

እኚህ አባት ወደ እስራኤል የገቡት በቅርብ ዓመታት ነው። የሚናገሩትን አውቀው ነው የሚናገሩት፤ በኬላና በቀረጥ አገር ያደጉ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሆነው ተራቸውን ሲጠባበቁ በነበረበት ጊዜም ወደ አዳማ የሚወስደውን የፍጥነት መንገድ አይተዋል። ያ መንገድ በ2014 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተከፈተ፣ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ነው። ሲከፈት መኪናው መግቢያው ላይ ይቆም፣ ካርድ ይሰጠው፣ መውጫው ላይ በመስኮት ለተቀመጠች ልጅ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄድ ነበር። ሰውየው በብሩ መብዛት ቢያጉረመርም እንኳ የሚያጉረመርምበት ፊት አለ፤ ከከፈለም ነገሩ እዚያው አለቀ ማለት ነው።

እዚህ ግን ሌላ ነው። በእኛ ከተማ በስተምሥራቅ በኩል፣ በሮሽ ሃዓይን አጠገብ የሚያልፈው ክቪሽ ሼሽ፣ በይፋ ስሙ የይስሐቅ ራቢን መንገድ፣ መቆሚያ የለውም። ከመንገዱ በላይ በብረት ላይ የተሰቀሉ ካሜራዎች የመኪናውን ታርጋ ያነሡታል። በየትኛው መገናኛ እንደገባና በየትኛው እንደወጣ ይመዘገባል። ሒሳቡ በተጓዘበት ክፍል ብዛትና በመኪናው ዓይነት ተሰልቶ መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው በፖስታ ይላካል። ደንበኛ ሆኖ የተመዘገበ፣ ማለትም ማኑይ የሆነ፣ አነስ ያለ ዋጋ ይከፍላል፤ ያልተመዘገበ ከፍ ያለ። ካሜራው የሚያውቀው ታርጋውን እንጂ ነጂውን አይደለም።

ይህን ሁሉ ለእኚህ አባት ሳስረዳ ልቤ ወደ ራሴ ቤት ሄደ።

መንገዱ በ1995 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ተወስኖ የመጀመሪያው ክፍል በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት እኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሰፈራችን በዮሴፍታል የማይነገር ነገር አልነበረም። ከሰጉላ ፋብሪካዎች በአንዱ የሚሠራ ጎረቤታችን «ቤንዚን ስቀዳ ግብር እከፍላለሁ፣ ለመኪናዬ በየዓመቱ ፈቃድ እከፍላለሁ፣ አሁን ደግሞ አስፋልቱን ስረግጥ ልክፈል?» ይል ነበር። የጭነት መኪና የሚነዳ ዘመዳችን ደግሞ በአያሎን መንገድ ጭንቅንቅ ዕድሜው እንዳለቀ እየተናገረ መንገዱን ያመሰግን ነበር። «ጊዜን በገንዘብ መግዛት ከተቻለማ እኔ የመጀመሪያው ገዢ ነኝ» ሲል ትዝ ይለኛል። እናቶቻችን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአውቶቡስ ዋጋ ይጨምራል ወይ?

ከሁሉም ያልረሳሁት የአንድ ሽማግሌ ንግግር ነው። መንገዱን የሠራው መንግሥት ሳይሆን ኩባንያ እንደሆነ፣ ኩባንያውም ለተወሰኑ ዓመታት ገንዘቡን እየሰበሰበ በኋላ ለመንግሥት እንደሚያስረክብ ሲነገራቸው ጥቂት ዝም ብለው «መንገድ የንጉሥ ነው። ነጋዴ በመንገድ ላይ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ መንገዱን ራሱን ሲሸጥ ግን ይኸው ዛሬ አየሁ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው ግን የሕግ ባለሞያዎችና የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች በየጋዜጣው ይከራከሩበት የነበረውን ነገር ነው በአንድ አረፍተ ነገር ያስቀመጡት። በእርግጥም ተቃውሞው የእኛ ሰፈር ብቻ አልነበረም። ዛፍና ሜዳው ጠፋ ያሉ ወጣቶች ሰልፍ ወጥተዋል፤ መሬታቸው ለመንገዱ የተወሰደባቸው የአካባቢው የዐረብ ከተሞችና መንደሮች ነዋሪዎችም ብዙ ተናግረዋል።

በ2004 ዓ.ም. የመንገዱ መካከለኛ ክፍል ተጠናቀቀ። በዚያው ጊዜ አባቴ አሮጌ ሱባሩ ገዛ። በቤተ ዘመዱ የመጀመሪያው መኪና ስለነበረ የአባቴ ብቻ አልነበረም ማለት ይቻላል። ቂርያት ማላኪ ለቅሶ ሲኖር፣ ሐዴራ ሠርግ ሲኖር ሱባሩ አትቀርም። አባቴ ራሱ ይነዳል፤ እሱ ሥራ ላይ ከሆነ ቁልፉ ለአጎቴ ወይም ለአጎቴ ልጅ ይሰጣል። በሲግድ ጊዜማ ስንት ሰው እንደምትጭን ባልናገር ይሻላል።

በቤታችን ፖስታ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። በ1991 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን እናቴ ጀርባ ላይ ታዝዬ የገባሁ ልጅ ስለሆንኩ ዕብራይስጥ የእኔ ነው። ባንክ የጻፈውን፣ ቢቱዋሕ ለኡሚ የጻፈውን፣ የትምህርት ቤቱን መምህር ቅሬታ ሳይቀር (እርግጥ እሱን አሳምሬ ነበር የምተረጉመው) ለወላጆቼ የማነብ እኔ ነኝ። ይህን የሚያነቡ ወላጆች ዛሬ በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጓደኞቼ ከታች እየጠሩኝ ሳለ፣ አባቴ አንድ ፖስታ ከፍቶ ሰጠኝ። ሰንጠረዥ ነበረበት፣ የቦታ ስሞች ነበሩበት፣ «አግራ» የሚል ቃል ተደጋግሞ ተጽፏል። ክቪሽ ማለት መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። አግራን ግን አላውቀውም። አባቴ ቆሞ ይጠብቃል። አላውቀውም ማለት አፈርኩ፤ በዚያ ላይ ወደ ጨዋታዬ ቸኩያለሁ። «ማስታወቂያ ነው» አልኩት።

አባቴ እንደ ሕፃን ያምነኝ ነበር። ቀዶ ጣለው። በሚቀጥለው ወር ሌላ መጣ፤ መልኩ ያው ስለነበረ ወደ እኔ እንኳ ሳያመጣው ጣለው። ከዚያም ሌላ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፖስተኛው አስፈርሞ የሚሰጠው ዓይነት ደብዳቤ፣ ድዋር ራሹም፣ መጣ። በኡልፓን አስተምራው የነበረች አንዲት ደግ ሴት ናት ያነበበችለት። በለቅሶ፣ በሠርግና በሲግድ የተኬደባቸው መንገዶች ሁሉ ተደምረው፣ የመዘግየቱ ጭማሪ ታክሎባቸው፣ ለእኛ ቤት ከባድ የሆነ ገንዘብ ሆኖ ነበር። አባቴ ለመክፈል በርከት ላሉ ሳምንታት ተጨማሪ ሰዓት ሠራ። እኔም የዚያን ዓመት የትምህርት ቤት ጉዞ ቀረሁ፤ ማንም አልቀረሽም አላለኝም፣ ራሴ ነኝ አልሄድም ያልኩት።

አባቴ አልተቆጣኝም። ማታ እራት በልተን ስንጨርስ ብቻ «ቃሉን ታውቂው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። አላውቀውም ነበር አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ «ለካ እውነትሽን ነው፤ ማስታወቂያስ ማስታወቂያ ነበረ፤ ያሳወቀን ግን ዕዳችንን ነው» አለ። እናቴ ሳቀች፤ እኔ አለቀስኩ።

ወደ ማሕበራዊ ሥራ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲቀመጥ «ለምን እስከ ዛሬ አልከፈቱትም?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

አሁን በሥራዬ የማየው ችግር ከቋንቋው ሌላ ነው። ቋንቋው ይለመዳል። የማይለመደው ይሉኝታው ነው። በእኛ ባህል መኪና ያዋሰ ሰው ቤንዚኑን እንኳ አይጠይቅም። ለለቅሶ የሄደን ሰው «የመንገዱን ክፈል» ማለት ነውር ነው። ተዋሹም ካሜራውን አላየውም፤ ስለዚህ ምንም እንዳላወጣ አስቦ አመስግኖ ቁልፉን ይመልሳል። ሒሳቡ የሚመጣው ሁሉም ከተረሳ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱ አፍሮ ዝም ይላል፣ ዝም ሲል ጊዜው ያልፋል፣ ጊዜው ሲያልፍ ገንዘቡ ይጨምራል። አንድ ቤት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነገር ሊመጣ ነበር። ሒሳቡ ላይ መኪናው በባቃ ጃት መገናኛ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት እንዳለፈ ተጽፏል፤ ባልየው ግን ያን ቀን ፔታሕ ቲክቫ ሥራ ላይ ነበርኩ ብሏል። ሚስትየው ለሁለት ሳምንት አላናገረችውም። በኋላ ሲጣራ መኪናውን የወሰደው የአጎቱ ልጅ ኖሯል። አሁን ይስቁበታል፤ ያኔ ግን ሽማግሌ እስከ መላክ ደርሰው ነበር።

እኔ የማውቀው አንድ ቤተሰብ ይህን በቀላሉ ፈትቶታል። መኪና የተዋሰ ቁልፉን ሲመልስ «በስድስት ሄጃለሁ» ወይም «በስድስት አልሄድኩም» ብሎ ይናገራል። ገንዘብ አይነሣም። ባለቤቱ ግን ደብዳቤ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ተዋሹም ከፈለገ ያግዛል። ወደ ሐዴራ ወይም ወደ ሎድ ለመሄድ ደግሞ የግድ በስድስት መሄድ አያስፈልግም፤ ክቪሽ 4 እና ክቪሽ 40 አሉ፣ ጊዜ ይፈጁ እንደሆነ እንጂ ገንዘብ አይጠይቁም። ወደ ክፍያ መንገድ ከመግባታችሁ በፊት «ክቪሽ አግራ» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ያንን ቃል ለልጆቻችሁም ለራሳችሁም አስተምሩት፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

የእኚያ አባት ነገር የተበላሸው በሌላም ምክንያት ነበር። ከመርካዝ ክሊታ ወጥተው የራሳቸው ቤት ሲገቡ በሚስራድ ሃፕኒም አድራሻቸውን አላስቀየሩም። የመጀመሪያዎቹ ሒሳቦች ወደ ድሮው ቦታ ሄደው ዘመድ በእጁ ነው ያመጣላቸው፤ ዘመዱም በወር አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። መኪና የሸጣችሁም እንዲሁ፣ ስም ሳይዛወር ቁልፉን ብቻ ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ ገዢው በነዳ ቁጥር ወረቀቱ ወደ እናንተ ይመጣል። ፖስታውን ስትከፍቱ መጀመሪያ «ለታሽሉም ዓድ» የሚለውን ፈልጉ፤ እስከዚህ ቀን ክፈሉ ማለት ነው። «ሃትራአ» የሚል ካለበት ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ለነገ አይባልም። ሒሳቡ ስሕተት ከመሰላችሁ መቃወም፣ ገንዘቡ ከበዛባችሁ በየጊዜው ከፋፍላችሁ ለመክፈል መጠየቅ ትችላላችሁ። ዝም ካላችሁ ግን የጠየቃችሁ ሁሉ ይቀርባችኋል።

ከእኚያ አባት ጋር አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠን ስልክ ደወልን። ሁለቱ ሒሳቦች ገና ጊዜያቸው አላለፈም ነበር። ሦስተኛው ጭማሪ ነበረበት፤ እንዲቃለልላቸው በደብዳቤ ጠይቀናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። አድራሻቸውንም አስቀየርን። ሊሄዱ ሲነሡ ፌስታሉን በጥንቃቄ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ዓይን የተሰቀለበትን ብረት ሳልፍ ባየው አውቀዋለሁ?» አሉኝ። እንዲለዩት ሥዕል ሣልኩላቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጃቸው ደውሎ፣ አባቱ በመንገዱ ሁሉ አንገታቸውን አውጥተው ሲቆጥሩ መዋላቸውን እየሳቀ ነገረኝ።

አባቴ ዛሬ ጡረታ ወጥቷል። ዕብራይስጡም ለራሱ ይበቃዋል፤ ሒሳቡን ራሱ አንብቦ ራሱ ይከፍላል። ሆኖም ዓርብ ዓርብ ልጠይቀው ስሄድ አልፎ አልፎ አንድ ፖስታ ሳይከፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ቡናው እስኪፈላ ወደ እኔ ገፋ ያደርገውና፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «በይ እስቲ፣ ይኼኛው ደግሞ ምን የሚያስታውቅ ማስታወቂያ ነው?» ይለኛል።