መጀመሪያ የሚሠረዘው የማን ነው?

ደመወዝ ባለበት ቆሞ ኑሮው ሲወደድ፣ ከቤትዎ ወጪ ቀድሞ የሚሠረዘው ምን እንደሆነ ልብ ብለው ያውቃሉ? ጤፉ አይሠረዝም፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም እንደዚያው። የሚሠረዘው ጋዜጣው ነው፤ መጽሔቱ ነው፤ ከሥራ መልስ አረፍ ተብሎ የሚጠጣው ማኪያቶ ነው። ይህ አያስወቅስም፤ መሶቡ ባዶ ሆኖ ማን ያነብባል? እኔ ላጫውትዎ የፈለግሁት ስለ አሠራረዙ ነው።

እኛ የዶሮ ማነቂያ ሰዎች ነን። ባለቤቴም እኔም እዚያው ተወለድን፤ እዚያው ወለድን። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሲሄድ እኛም ኮንዶሚኒየም ገባን። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውኃ የመጣ ቀን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ነገር ግን ፒያሳ ሳለን ባለቤቴ ሥራው የሚሄደው በእግሩ ነበር፤ አሁን ሲሄድ ሁለት ታክሲ፣ ሲመለስ ሁለት ታክሲ ይይዛል። የልጆቹም አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የተወደደው ዘይት ብቻ አይምሰልዎ፤ የኅትመት ወረቀትም ከውጭ ነው የሚመጣው።

አንድ ምሽት ደብተር ይዘን ተቀመጥን። አሥራት፣ የባንክ የቤት ዕዳ፣ አስቤዛ፣ ታክሲ፣ ዕድር ተጻፈ። ከሥር ደግሞ ትርፍ ወጪ የምንላቸው መጡ፦ ዲሽ፣ ኢንተርኔት፣ የእኔ መጽሔት፣ የባለቤቴ የቅዳሜ ጋዜጣ። ማንም ሳይጠይቀው ባለቤቴ እስክሪብቶውን አንሥቶ የራሱን ጋዜጣ ሠረዘ። ዲሹ ጋ ሲደርስ ግን ልጆቹ ጮኹ፤ እሱም አለፈው።

ይሄኔ እስክሪብቶውን ተቀበልሁትና በእያንዳንዱ አጠገብ ዋጋው ይጻፍ አልሁ። ተጻፈ። የአንድ ወር የዲሽ ክፍያ የእሱን ጋዜጣ ለወራት ይገዛል! በብዙ ቤት እንዲህ ይመስለኛል፤ የሚጮህ ሰው ነገር ይተርፋል፣ ዝም የሚል ሰው ነገር ይሠረዛል። ዝም የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም አባት ነው። እስቲ የእርስዎንም ደብተር በዚህ ዓይን ይዩት።

ዲሹ ተቋረጠ። መጽሔቱን በተመለከተ፣ የድሮው ፒያሳ መላ ትዝ አለኝ። በፒያሳና በአራት ኪሎ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። ሳንቲም ይከፍላሉ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ወይም ደረጃ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ሳያጣጥፉ ይመልሳሉ። አንዱ ጋዜጣ በቀን ስንት ሰው እጅ ይገባ እንደነበር አዟሪው ነው የሚያውቀው። ባለቤቴ ማንበብ የወደደው እንደዚያ ነው። ታዲያ በቤት ለቤት ኅብረታችን ያለን ስድስት ቤተሰቦች ተነጋገርንና እንደ እቁብ አደረግነው። በየወሩ ባለ ተራው አንድ መጽሔት ይገዛል፤ መጽሔቱም ከቤት ቤት ይዞራል። አንድ ሰው በዓመት የሚገዛው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። (አዘጋጁ ይህን ሲያነብብ ምን እንደሚል እንጃ፤ ግን በአንድ መጽሔት ስድስት ቤት ገባ ማለትም ነው።) የመጨረሻው ቤት ሲደርስ ሽፋኑ የወጥ ጠብታ አለበት፤ ኅዳጉ ላይም አንዷ እህት የምግብ አሠራሩን አርማ ጽፋለች፤ እውነቷን ነው፣ በርበሬው በዝቶ ነበር።

የባለቤቴ ጋዜጣ ግን እንደተሠረዘ ቀረ። «ለታክሲ ይሁን» ብሎ እምቢ አለ። ትልቁ ልጃችን ዲሹ የተቋረጠ ሰሞን አኩርፎ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ያህል ራት ላይ አልተጫወተም። ባለፈው ቅዳሜ ሲመጣ የአባቱን ጋዜጣ በብብቱ ይዟል፤ የአንዱን ታክሲ መንገድ በእግሩ ሄዶ ነው ያተረፈው። አባቱ መጀመሪያ ተቆጣው። ከዚያ መነጽሩን መፈለግ ጀመረ።